የታወቀ በሽታ መቼ ምክንያት ይሆናል?

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ አዲስ የተሰማውን ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱ ይደርሰዋል። ራሴን አዞረኝ ቢል «ግፊትህ ነው»፣ እግሬን ደነዘዘኝ ቢል «ስኳርህ ነው»፣ ደረቴ ሥር አቃጠለኝ ቢል «ያው ጨጓራህ ነው» ይባላል። ድካሙም፣ መክሳቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ወደ አንድ ስም ይሰበሰባል። አንዳንዴ መልሱ ትክክል ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መልስ ይመስላል እንጂ አይደለም። ችግሩ ሁለቱ በቃል አንድ መሆናቸው ነው። «ስኳርህ ነው» የሚለው ንግግር መርምሮ ከደረሰበት ሐኪምም፣ ሳይመረምር ከገመተውም ሐኪም አፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ነው፦ አንድ በሽታ ለአዲስ ሕመም ምክንያት ሆነ የምንለው ምን ሲሟላ ነው? ቀድሞ መታወቁ ብቻውን ይበቃዋል?

በመጀመሪያ ለልማዱ የሚገባውን ፍርድ እንስጠው። ሐኪሙ ወደታወቀው በሽታ የሚያዘነብለው በከንቱ አይደለም። ስኳር በእርግጥ ነርቭን ይጎዳል፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የደም ሥርንም ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው እግሬን አቃጠለኝ ካለ ከሌላው ሁሉ በፊት ስኳሩ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ መነኩሴ በዊሊያም ኦካም ስም የሚጠራው መርህም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል፦ አንድ ምክንያት ከበቃ ሁለተኛ አትጨምር። የሕክምና ተማሪ ብዙ ምልክቶችን በአንድ በሽታ ማሰርን እንደ ጥሩ ችሎታ ይማረዋል። በዚያ ላይ ወረፋው አለ። ኮሪደሩ ሞልቶ የሚጠብቀውን ሐኪም እያንዳንዱን ሕመም ከሀ ጀምረህ መርምር ማለት አብዛኛውን ሰው ሳታይ አሰናብት ከማለት አይለይም።

ነገር ግን የኦካም መርህ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አንዱ ምክንያት የሚበቃ ከሆነ ነው የሚለው። መብቃቱን ሳያጣሩ ሁለተኛውን መከልከል በመርሁ መሥራት አይባልም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሂካም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተምረው ነበር ተብሎ የሚታወስለት ሐሳብ ከዚህ በተቃራኒ ይቆማል፦ አንድ ታማሚ በአንድ ጊዜ የፈለገውን ያህል በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይህ የተለመደ ነገር ይሆናል። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎች ከቫይረሱ ጋር ረጅም ዕድሜ እየኖሩ ነው። ረጅም መኖራቸውም እንደማንኛውም ሰው ለልብ ሕመም፣ ለግፊት፣ ለስኳርና ለካንሰር አድርሷቸዋል። መድኃኒቱ በሠራ ቁጥር ሁሉን ነገር በቫይረሱ ማሳበብ ከእውነት እየራቀ ይሄዳል።

አሁን በስኳር ክትትል ቀን በማንኛውም ሆስፒታል ሊያጋጥም የሚችል አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንመልከት። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው እንበል። ስኳር ከተገኘባቸው ዐሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን ይውጣሉ። ገና ወንበር ሳይዙ ካርዳቸው ስለ እሳቸው ተናግሯል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የታወቀ የስኳር ታማሚ መሆናቸው ተጽፏል። «ዶክተር፣ እግሬ መሬት መርገጡን አያውቀውም። ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል፤ ሌሊት ደግሞ ይለበልበኛል» ይላሉ። ሐኪሙ ከጣታቸው የተወሰደውን የደም ስኳር ውጤት ያያል፤ ከፍ ብሏል። «እማማ፣ ስኳርዎ እኮ ነው። ምግብዎን ይጠንቀቁ» ይላቸዋል። የሜትፎርሚኑ መጠን ይጨመራል፤ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ይሆናል።

ሐኪሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ጉበት የዚህን ቫይታሚን የዓመታት ስንቅ ስለሚያስቀምጥ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ የሚታየው መድኃኒቱና ሕመሙ የተያያዙ መሆናቸው ከተረሳ በኋላ ነው። ሲታይም መደንዘዝ፣ መውጋት፣ መለብለብ፣ ሚዛን ማጣት ሆኖ ይመጣል፤ ስኳር በነርቭ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት በአፍ ትረካ ብቻ አይለይም። ቢ 12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከመሳሰሉት ነው። እኚህ እናት የኦርቶዶክስ ምእመን ሆነው አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እነዚህን አይቀምሱም። እንግዲህ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ወሰዱ፣ ምን ይበላሉ? ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ጉድለቱ ከተገኘ በመርፌ ይሞላል፤ ከዘገየ ግን የነርቩ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ሜትፎርሚን የሚወስዱና እንዲህ ያለ ምልክት ያላቸው ሰዎች የቢ 12 መጠናቸው እንዲለካ ያሳሰበው ለዚህ ነው። በእኛ እናት ጉዳይ የተደረገውን ደግሞ እንመልከት፤ ስኳሩ ነው ተብሎ የተጨመረው መድኃኒት፣ ሕመሙን ያመጣው እሱ ከሆነ፣ ጉዳቱን የሚያባብስ ነው። የተሳሳተ ምክንያት የተሳሳተ መድኃኒት ያዛል፤ መድኃኒቱም ትክክለኛውን ምክንያት ያጠናክረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ስኳር ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለቱ በሽታዎች ተቀናጅተው እንዲታዩ የሚያሳስብ ማዕቀፍ ያወጣው ይህን ይዞ ነው። አንድ የስኳር ታማሚ ከሳ፣ ደከመው፣ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ አላበው እንበል። መክሳትና ድካም በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ስኳር ምልክቶች ናቸው፤ የሌሊት ላብም ስኳር ሲወርድ ይመጣል። ነቀርሳ ደግሞ ሦስቱንም ያመጣል። ሐኪሙ ስኳሩን ይለካል፤ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። «ይኸው፣ ስኳርህ ነው» ይላል። ሆኖም ሰውነት ከጀርም ጋር ሲታገል የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያውኩ ኢንፌክሽን በራሱ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ያልታወቀው በሽታ የታወቀውን በሽታ ቁጥር ከፍ አድርጎ ለስህተቱ ማስረጃ ያቀብላል። ቁጥሩ ሐሰት የለበትም፤ መለኪያውም አልተሳሳተም። ሐኪሙ የተሳሳተው ያ ቁጥር በሁለቱም መንገድ ሊገኝ እንደሚችል ሳያስብ ለአንደኛው ብቻ እንደመሰከረ አድርጎ በመያዙ ነው።

ከሁለቱ ጉዳዮች የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። ማስረጃ የሚባለው ግምቴ ልክ ከሆነ የሚገኝ፣ ግምቴ ስህተት ከሆነ ግን የማይገኝ ነገር ሲሆን ነው። በሁለቱም በኩል የሚገኝ ነገር ምንም አይለይም። ከዚህ አልፎ የታወቀው በሽታ ብዙ ጊዜ ሌላውን በሽታ የሚጋብዝ ነው። እንዲህ ከሆነ «ስኳር አለበት» የሚለው እውቀት ሌላ በሽታ ፍለጋውን የሚያጠናክር መሆን ሲገባው ፍለጋውን ማቆሚያ ሆነ ማለት ነው። አንዱ እውቀት በተቃራኒው ሥራ ላይ ዋለ።

ታዲያ መልስ የሚመስለው ነገር ለምን እንዲህ አጥጋቢ ይሆናል? ፈላስፋው ካርል ፖፐር በወጣትነቱ በ1919 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ያጋጠመውን ይተርካል። ለሥነ ልቦናው ሊቅ ለአልፍሬድ አድለር ስለ አንድ ሕፃን ሁኔታ ነገረው፤ ጉዳዩ ከአድለር ትምህርት ጋር የሚሄድ አልመሰለውም ነበር። አድለር ግን ሕፃኑን በዓይኑ እንኳ ሳያይ ነገሩን በለመደው የበታችነት ስሜት ሐሳብ ወዲያው ተነተነው። እንዴት እርግጠኛ እንደሆነ ሲጠየቅም ብዙ ልምድ እንዳለው መለሰ። ፖፐርን ያሳሰበው ይህ ነው፤ አዲሱ ጉዳይ ራሱ ሳይፈተን ወደ ልምዱ ሊቆጠር ነው፤ የቀድሞዎቹም እንዲሁ ሳይፈተኑ የተቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉን ነገር የሚያብራራ ሐሳብ ኃይለኛ ይመስላል፤ ድክመቱ ግን እዚያው ላይ ነው። ይህ ከሆነ ሐሳቤ ስህተት ነው የሚልበት ነገር ከሌለው ስለ ዓለም የነገረን ነገር የለም።

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። «በሃያ ዓመት ሥራዬ ያየሁት ሁሉ ስኳር ነበር» የሚል ሐኪም የሃያ ዓመት እውቀት ያለው የሚሆነው እነዚያ ሰዎች በኋላ ምን እንደደረሰባቸው ካወቀ ነው። ያልተሻለው ታማሚ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ወይም ጠበል ይገባል፣ ወይም ያርፋል። ተመልሶ መጥቶ «ዶክተር፣ ያኔ ያሉኝ ስህተት ነበር» የሚል ጥቂት ነው። ስለዚህ ስህተቱ ለሠሪው አይታይም፤ ያልታየ ስህተት ደግሞ ከትክክለኛ ፍርድ ጋር አንድ ላይ ተቆጥሮ ልምድ ይባላል። ይህን የምለው ሐኪሞችን ለመክሰስ አይደለም፤ እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ቅን ሰውም ስህተቱን የሚያርምበት መንገድ እንደሌለው ለማሳየት ነው።

የታወቀው በሽታ አዲሱን ሕመም መጋረዱ ግን ሁሉንም ታማሚ እኩል አይጎዳም። ስቲቨን ሪስና ሁለት ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች በከባድ ፍርሃት ስለተያዘ አንድ ሰው የሚተርክ ጽሑፍ አቀረቡ። ፍርሃቱ በሁሉም ጽሑፍ አንድ ነው፤ ለአንዳንዶቹ ባለሙያዎች ግን ሰውየው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እንዳለበት ተነገራቸው። ይህን የሰሙት ፍርሃቱን ራሱን የቻለ፣ ሕክምና የሚሻ ሕመም አድርገው ማየታቸው ቀነሰ። ምልክቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ ሰውየው ቀድሞ የተሰማው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለዐሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ፤ ሞታቸውም ከሚጠበቀው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል የቀደመ ነበር። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። እያንዳንዱ ሞት ስላልተደመጡ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ድህነትም፣ መገለልም፣ ከጤና ተቋም መራቅም ድርሻ አላቸው። ሆኖም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ትኩሳት ተሰምቶት «አመመኝ» ሲል በቤቱም በሰፈሩም ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ «ተነሣበት» ይባላል። ሳሉም፣ ማቃሰቱም፣ ምግብ እምቢ ማለቱም ለዚያው ለታወቀው ሕመም ይሰጣል። በቃሉ የሚታመን ቢሆን ኖሮ ወባው በደም ምርመራ፣ ነቀርሳው በአክታ ምርመራ ሊገኝ ይችል ነበር።

እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ነገር በደል ትለዋለች። አንድን ሰው በማንነቱ ምክንያት ቃሉን ከሚገባው በታች ማመን፣ እንደ አዋቂ በመቆጠር መብቱ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ሃቪ ካሬልና ኢያን ኪድ በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ወደ ሕክምናው ዓለም አምጥተው መታመም ራሱ የሰውን ቃል እንዴት እንደሚያረክስ አሳይተዋል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከሌላው ሰው ያነሰ እምነት ሊሰጠው ቀርቶ የበለጠ ሊሰጠው ይገባል። ስኳሩ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው፣ ሲወርድ እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ጨጓራው በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከበላ በኋላ የሚነሣው፣ ይህን ለዓመታት በገዛ አካሉ ሲያጠና ኖሯል። «ይሄኛው የለመድኩት አይደለም» ሲል ለዓመታት ያጠናውን ከዛሬው ጋር አነጻጽሮ ነው። ይህን ንጽጽር ከእሱ በቀር ማንም ሊያደርገው አይችልም።

«ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ታማሚው ይናገር ይላል፤ መልካም። ግን ይህ ሰው አልደበቀም፤ ተናግሯል፤ ሕመሙን የደበቀበት የቀድሞው ሕመሙ ነው። ደጋግሞ ተናግሮ ደጋግሞ ያው መልስ ሲሰጠው ደግሞ መናገሩን ይተዋል። አዲሱን ሕመም ለታወቀው የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ቤተሰብም ያደርገዋል፤ ታማሚውም በራሱ ላይ ያደርገዋል። ለዓመታት ጨጓራ ያመመው ሰው አንድ ሌሊት ከደረቱ በታች ከባድ ሕመም ቢሰማው፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ ተልባ በጥብጦ ጠጥቶ ይተኛል። ድንገተኛ የልብ ጥቃት እዚያው ቦታ፣ ልክ እንደ ጨጓራ ሊሰማ ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ እንዲያውም ብዙ ሳያም ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ያን ሌሊት ከሐኪም የተማረውን ለራሱ ይደግመዋል፦ ያው ጨጓራዬ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ታዲያ ለእያንዳንዱ ሕመም ሁሉም ምርመራ ይታዘዝ? ገንዘቡን ማን ይከፍላል? ምርመራ ሲበዛ ሐሰተኛ ውጤትም ይበዛል፤ ጤነኛው አካል ሲነካካ ይጎዳል።» ይህ እውነት ነው። የቢ 12 ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ራጅ ለማንሳት ከሥራ ቀርቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ የሚመጣ ሰው አለ። ስለ ሕመሙ ሲጨነቅ የሚውል ሰው ያልሆነውን እንደሆነ ሊሰማውም ይችላል፤ ታማሚ ስለተሰማው ነገር እንጂ ስለ ምክንያቱ የተሻለ ዳኛ ነው አላልኩም። ነገር ግን ተቃውሞው የሚመታው ሁሉም ይመርመር የሚለውን ሰው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ የታወቀው በሽታ ምክንያት ነው ከመባሉ በፊት የሚያልፍባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ከንግግርና ከዳሰሳ በቀር ወጪ የላቸውም።

የመጀመሪያው ስለ መልኩ ነው። በተለመደው ሁኔታ ስኳር የሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ፣ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ሆኖ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ከእጅ ከጀመረ፣ በሳምንታት ውስጥ ከገሠገሠ፣ ወይም ከመደንዘዙ ይልቅ መዛሉ ከበረታ ይህ ገለጻ አይገጥመውም። ሁለተኛው ስለ ጊዜው ነው፤ ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው፣ በዚያ ሰሞን የተለወጠ መድኃኒት ወይም አኗኗር ነበር? ሦስተኛው ስለ ውጤቱ ነው፤ የታወቀው በሽታ ሲስተካከል አዲሱ ሕመም ምን መሆን አለበት? መክሳቱ የስኳር ከሆነ ስኳሩ ሲስተካከል ክብደቱ መውረዱን ማቆም ይኖርበታል። ስኳሩ ወርዶ ክብደቱ መቀነሱን ከቀጠለ ግምቱ ወድቋል። የስኳር ታማሚ ሲያስል ከሰነበተ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይባል አክታው ይመርመር።

በሰፈሩ ዕቃ በጠፋ ቁጥር የሚያዝ አንድ የድሮ ሌባ እንዳለ እናስብ። ቀድሞ ቢጠረጠር አያስገርምም፤ ታሪኩ ይታወቃላ። ግን ያ ታሪክ ዛሬ ስለጠፋው ዕቃ ማስረጃ አይሆንም፤ እሱ ታስሮ ሳለ እውነተኛው ሌባ ሌላ ቤት ይገባል። የታወቀ በሽታም ቀዳሚ ተጠርጣሪ መሆን ይችላል፤ ጥርጣሬ ግን ፍርድ አይደለም። ፍርድ የሚሆነው ከላይ በተባሉት ጥያቄዎች ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ሳይፈተን የተሰጠ መልስ በአጋጣሚ ልክ ቢሆን እንኳ እውቀት አይባልም።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ግዴታ ቀላል ነው። ሐኪሙ «ስኳርዎ ነው» ሲል ለምን እንዲያ እንዳለ በአንድ መስመር ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ እስከ መቼ ካልተሻለ ሌላ ምክንያት እንደሚፈለግም ቀን ይቁረጥ። የሚቀጥለው ተረኛ ሐኪም ያኔ የሚያገኘው ምክንያቱ ተብራርቶ የተቀመጠ፣ ሊፈትነው የሚችል ግምት ይሆናል። ታማሚውም መቼ እንደጀመረውና ከለመደው ሕመም በምን እንደሚለይ ለይቶ ይናገር፤ ካልተደመጠም በአክብሮት ይህን ይጠይቅ፦ «ዶክተር፣ ስኳር ባይኖርብኝና ይህንኑ ሕመም ይዤ ብመጣ ኖሮ ምን ይመረምሩኝ ነበር?»

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ጤነኛ የነበረ ሰው ከስቶና አልቦት ቢመጣ ደረቱ ይደመጣል፣ አክታው ይታያል። ስኳር ያለበት ሰው ያንኑ ይዞ ሲመጣ ስኳሩ ተለክቶ ብቻ የሚሸኝ ከሆነ በቀድሞ ሕመሙ ምክንያት ለጤነኛው ከተሰጠው ያነሰ ተሰጥቶታል። ለነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጠው ግን እሱ ነው። ያለበት ሕመም የሚያስገኝለት ነገር ካለ ያልታመመው የሚያገኘውን ምርመራ ሙሉውን፣ ከዚያም በላይ የሆነ ጥንቃቄ ነው። ከዚህ ያነሰ ማንኛውም አሠራር ወረፋውን ያሳጥር ይሆናል፤ ሕክምና ለመባል ግን አይበቃም።